ሰላሙ በየትኛው በጀት ተይዟል?

ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. የትግራይን ጦርነት ለማስቆም በፌዴራሉ መንግሥትና በሕወሓት መካከል ፕሪቶሪያ ላይ የተፈረመው ስምምነት ተኩስ ስለማቆም፣ ትጥቅ ስለማስፈታት፣ የተቋረጡ አገልግሎቶችን ስለማስቀጠል በግልጽ ይናገራል። ትጥቅ የማስፈታቱ ሥራ በ30 ቀናት ውስጥ እንዲጠናቀቅ እስከማለት ደርሶ ነበር። የዚህን ሁሉ ወጪ ማን፣ በስንት ዓመት፣ ከየትኛው ካዝና እንደሚሸፍን ግን በቁጥር አልተጻፈበትም። 21 ወር ያህል ቆይቶ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ሌላ ትልቅ ውሳኔ መጣ። የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ። ከዓለም ገንዘብ ድርጅት (አይኤምኤፍ) ጋር ለአራት ዓመት የሚቆይ የ3.4 ቢሊዮን ዶላር ስምምነት ተፈረመ፣ ብሔራዊ ባንክም የፖሊሲ ወለዱን፣ ማለትም ለሌሎች ወለዶች መነሻ የሚሆነውን ተመን፣ 15 በመቶ አደረገ። በዚህኛው ሰነድ ውስጥ ለሁሉም ነገር ቁጥርና የግምገማ ቀን አለ። የተጻፈው ግን ጦርነት ያላለፈበት አገር ይመስል ነው።

ሁለቱ ሥራዎች በሁለት የተለያዩ ጠረጴዛዎች ላይ ተሠርተዋል። በአንደኛው ወታደሮችና ፖለቲከኞች ነበሩ፣ በሌላኛው የገንዘብ ሚኒስቴርና የብሔራዊ ባንክ ሰዎች። ወጪው ግን የሚወራረደው በአንድ ሕዝብ ላይ ነው። ከስምምነቱ ወዲህ ሰላሙ ሲንገራገጭ የፖለቲከኞቹን ጠብ ብቻ ማየት ለምደናል። እኔ እንደማየው ጠቡ ቶሎ የማይበርደው፣ በሰላሙ ማግስት ሊከፈሉ የሚገባቸው ዕዳዎች በማንም በጀት ላይ ስላልሰፈሩ ጭምር ነው።

የምንዛሪ ማሻሻያው አያስፈልግም ነበር ለማለት አይደለም። የአገሪቱ የውጭ ምንዛሪ ክምችት የአንድ ወር የገቢ ዕቃ እንኳ መሸፈን አቅቶት ነበር። በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. የ33 ሚሊዮን ዶላር የዩሮቦንድ (በውጭ ገበያ በዶላር የተሸጠ የመንግሥት ቦንድ) ወለድ መክፈል ሳይቻል ቀርቶ አገሪቱ ዕዳቸውን መክፈል ካልቻሉ አገሮች ተርታ ገብታለች። በባንክ ዶላር በ57 ብር ሲመነዘር ጥቁር ገበያው ከዚያ በእጥፍ ይሸጥ ነበር። እንዲህ ያለ ምንዛሪ የሚጠቅመው ፈቃድና ዘመድ ያለውን ብቻ ነው። ስለዚህ ማሻሻያው መምጣቱ አያከራክርም። የሚያከራክረው፣ ሲመጣ ከጦርነቱ የተረፉትን ሰዎች የት እንዳገኛቸው ነው።

ከደመወዝ እንጀምር። በትግራይ የመንግሥት ሠራተኞች በጦርነቱ ዘመን ያልተከፈላቸው የ17 ወር ውዝፍ ደመወዝ አለ። መምህራኑ ጥያቄውን ፍርድ ቤት ድረስ ወስደውታል። የፌዴራሉ መንግሥትና የክልሉ ጊዜያዊ አስተዳደር በየፊናቸው ከፋዩ ሌላው እንደሆነ ሲያመለክቱ ዓመታት ነጎዱ። እዚህ ላይ እርሳስ ይዞ ማስላት ይጠቅማል። በወር 7,000 ብር የሚያገኝ አንድ መምህር እንውሰድ። የ17 ወሩ ድምር 119,000 ብር ነው። በ2014 ዓ.ም. መገባደጃ ዶላር በባንክ 52 ብር ገደማ ነበርና ይህ ገንዘብ 2,280 ዶላር ያህል ያወጣ ነበር። በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ ዶላር 135 ብር ገደማ ሲደርስ ያው 119,000 ብር ከ900 ዶላር በታች ሆነ። መምህሩ ጤፍ የሚገዛው በዶላር አይደለም ይባል ይሆናል። ዘይቱ፣ መድኃኒቱ፣ ነዳጁ፣ ጤፉን ያበቀለው ማዳበሪያ ግን ከውጭ ነው የሚመጡት። ደግሞም ከምንዛሪው ለውጥ በፊት በነበሩት ሁለት ዓመታት የዋጋ ንረቱ በዓመት 30 በመቶ ገደማ ሲሮጥ ነበር።

እንግዲህ ማንም ዕዳውን ሰርዣለሁ ሳይል፣ ምክር ቤትም ሳይመክርበት፣ ከግማሽ በላዩ ተሰርዟል። ለመንግሥት ካዝና ይህ ቁጠባ ነው። ለመምህሩ ግን ከጦርነቱ በኋላ የደረሰበት ሁለተኛ ጉዳት ነው፣ ይህኛው ደግሞ የደረሰበት በሰላም ጊዜ ነው። መንግሥት በ2017 ዓ.ም. የሠራተኞችን ደመወዝ ሲያሻሽል ዝቅተኛውን 4,760 ብር አድርሶታል፣ በቀጣዩ ዓመትም ወደ 6,000 ብር ከፍ ብሏል። የኑሮ ውድነቱ ለዛሬው ደመወዝ ማካካሻ ካስገኘ፣ ለትናንቱ ውዝፍ የማያስገኝበት ምክንያት አልታየኝም።

ሁለተኛው ዕዳ ነጋዴው ላይ ያለው ነው። ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. በፊት የተበደረ የመቀሌ ወይም የሽሬ ነጋዴ፣ ባንኩ ተዘግቶ፣ መንገዱ ተዘግቶ፣ ስልኩ ተቋርጦ ሳለ ወለዱ መቁጠሩን አላቆመም። ባንኮቹ ከታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በራቸውን ሲከፍቱ ደንበኛው በቅድሚያ ያገኘው የተጠራቀመውን ሒሳብ ነው። 5 ሚሊዮን ብር በ15 በመቶ የተበደረ ሰው፣ ቅጣቱና የወለድ ወለዱ ቀርቶ፣ የሁለት ዓመቱ ብቻ 1.5 ሚሊዮን ብር ይሆንበታል። መጋዘኑ ተዘርፏል፣ መያዣ ያደረገው ቤት ደግሞ ሐራጅ ያሰጋዋል። ነጋዴዎቹ የከበባው ዘመን ወለድ እንዲነሳላቸው ደጋግመው ጠይቀዋል።

ባንኮቹም የራሳቸው እውነት አላቸው። የግል ባንክ የሚያበድረው ባለአክሲዮኑ ያዋጣውንና አስቀማጩ ያስቀመጠውን ነው። ከ90 ቀን በላይ ያልተከፈለ ብድር በብሔራዊ ባንክ መመሪያ የተበላሸ ብድር ተብሎ ይመደባል፣ መጠባበቂያም ይያዝለታል። ወለዱን አንሱ ብሎ ማዘዝ የመንግሥትን ወጪ ለባለአክሲዮኑ ማሸጋገር ነው። ያም ሆኖ መፍትሔው ከሰማይ የሚወርድ አይደለም፤ በዚሁ ማሻሻያ ውስጥ ተሠርቶበታል። የመንግሥት የልማት ድርጅቶች ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ወስደው ያልመለሱት ብድር ባንኩን ሊጥለው ሲቃረብ መንግሥት 900 ቢሊዮን ብር ገደማ የሚያወጣ ቦንድ አውጥቶ ዕዳውን ወደ ራሱ አዙሯል። የትግራይ፣ የሰሜን ወሎና የአፋር ነጋዴዎች የጦርነት ዘመን ወለድ ተደምሮም ከዚህ አጠገብ አይደርስም። ለመንግሥት ድርጅት የተገኘው ብልሃት ለተዘረፈ ነጋዴ ያልተገኘው የገንዘብ እጥረት ስላለ ነው ቢሉኝ አላምንም። ጉዳዩ በማሻሻያው የሥራ ዝርዝር ላይ አልነበረም፣ ከዝርዝሩ ውጭ የሆነ ነገር ደግሞ ጊዜው ደርሶ አይገመገምም።

ታጣቂዎቹን የሚመለከተው ሒሳብ ከሁሉም ይከብዳል። ብሔራዊ የተሃድሶ ኮሚሽን መልሶ ሊያቋቁም ያቀደው ከ371,000 በላይ የቀድሞ ተዋጊዎችን ነው፤ ከትግራይ ብቻ ሳይሆን ከአማራ፣ ከአፋር፣ ከኦሮሚያና ከሌሎችም ክልሎች። ለሥራው በሙሉ የተነገረው ወጪ 760 ሚሊዮን ዶላር አካባቢ ነው። ለአንድ ሰው ሲካፈል ከ2,000 ዶላር ትንሽ ያልፋል፤ ካምፑ፣ ሥልጠናው፣ መጓጓዣው፣ የኮሚሽኑ ሥራ ማስኬጃ ሁሉ ተደምሮ ማለት ነው። ሥራው በትግራይ የተጀመረው በኅዳር 2017 ዓ.ም. ሲሆን የመጀመሪያው ምዕራፍ 75,000 ሰዎችን እንዲሸፍን ታስቦ 60 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተይዞለታል። ስምምነቱ ከተፈረመ ሁለት ዓመት አልፎ ነበር። በዚያው ወር የተወካዮች ምክር ቤት 582 ቢሊዮን ብር ገደማ ተጨማሪ በጀት አጸደቀ። ሙሉው 760 ሚሊዮን ዶላር በወቅቱ ምንዛሪ ቢሰላ 95 ቢሊዮን ብር ያህል ነው፣ ለብዙ ዓመት የሚከፋፈል። አገሪቱ ወጪውን ፈጽሞ የማትችለው ሆኖ ሳይሆን፣ ለጋሾች እስኪያዋጡ የሚጠበቅ ጉዳይ ተደርጎ ስለተወሰደ ነው የዘገየው።

ይህን ሥራ ለመጀመሪያ ጊዜ የምናየው ቢሆን ይቅር ይባል ነበር። በ1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ ከ450,000 በላይ ወታደር ተበትኗል። ኮሚሽን ተቋቁሞ ብዙዎቹ ወደ ገጠር ተመልሰው መሬት አግኝተዋል፣ ማዳበሪያና ዘር የተሰጣቸውም ነበሩ። በከተማ የቀሩት ዕጣ ግን የተለየ ነበር፤ ካኪ ኮት ለብሶ በአውቶቡስ ፌርማታ የሚለምን የቀድሞ ወታደር የዚያ ዘመን የአዲስ አበባ ገጽታ ነበር። ከኤርትራ ጋር ከተደረገው ጦርነት በኋላ ደግሞ መንግሥት ከዓለም ባንክ 170 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተበድሮ 148,000 ያህል ወታደር አሰናብቷል። ያኔ ተበዳሪው መንግሥት ራሱ ስለነበር ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ከመጀመሪያው ታውቋል። አሁን ግን የመዋጮ ሣጥን ይዘን ነው የወጣነው። በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ የውጭ ዕርዳታ ድንገት ሲታገድ እንዳየነው ደግሞ፣ ሣጥኑ ዋሽንግተን ላይ በሚጻፍ አንድ ደብዳቤ ሊዘጋ የሚችል ነው።

ሞዛምቢክ በ1992 እ.ኤ.አ. የሮሙን ስምምነት ፈርማ ወደ 90,000 ተዋጊዎች ስትበትን ያደረገችው ቀላል ነገር ነበር። ለእያንዳንዱ ተዋጊ ለሁለት ዓመት ያህል ክፍያ ተቆረጠለት፣ ገንዘቡንም ራሱ በመረጠው ወረዳ ካለ የባንክ ቅርንጫፍ እየሄደ ይወስድ ነበር። ዘላቂ ሥራ አላስገኘም ብለው የሚነቅፉት አሉ፣ ልክም ናቸው። ሰውየውን ግን ከካምፕና ከአዛዡ አላቆ በየመንደሩ በትኖታል፣ የገጠር ገበያም በዚያ ገንዘብ ተንቀሳቅሷል። ያልተፈታው የጡረታ ጥያቄ ነበር። ከ20 ዓመት በኋላ የቀድሞው አማፂ ቡድን የሬናሞ ሰዎች እንደገና ጫካ ሲገቡ ከቅሬታቸው አንዱ ይኸው ሆነ፤ የመጨረሻዎቹ 5,221 ተዋጊዎች ትጥቅ ፈትተው ያበቁት በ2023 እ.ኤ.አ. ነው፣ ያኔም የጡረታው ነገር ዋና መከራከሪያ ነበር። እኛ ዘንድም በ2018 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የትግራይ ኃይል አባላት መቀሌ ላይ መንገድ ዘግተው የጠየቁት ክፍያ ነበር። የጦር መሣሪያ የያዘ ሰው የደመወዝ ጥያቄ ይዞ አደባባይ ሲወጣ ነገሩ የሠራተኛ ጉዳይ መሆኑ ያበቃል።

በማሻሻያውና በሰላሙ መካከል ያለው ግንኙነት ጎልቶ የሚታየው በወርቅ ላይ ነው። ከምንዛሪው ለውጥ በፊት አንድ ግራም ንጹሕ ወርቅ በዓለም ገበያ 75 ዶላር አካባቢ ነበር። በባንክ ምንዛሪ 4,300 ብር ያህል ይመጣል፣ በጥቁር ገበያው ምንዛሪ ግን ከ8,500 ብር በላይ። ብሔራዊ ባንክ ማበረታቻ እየጨመረ ቢከፍልም ልዩነቱን መሙላት አልቻለም፣ ወርቁም በየድንበሩ ይሾልክ ነበር። ምንዛሪው ሲለቀቅ ልዩነቱ ጠበበ። በ2016 በጀት ዓመት ባንኩ የተረከበው ወርቅ 4 ቶን ገደማ ነበር፤ በ2017 ወደ 37 ቶን ተመነጠቀ። ከወጪ ንግድ ከተገኘው ከ8 ቢሊዮን ዶላር በላይ ውስጥ 3.5 ቢሊዮኑ ገደማ የወርቅ ነው። በዚህ መለኪያ ማሻሻያው ከታሰበውም በላይ ሠርቷል፣ ባለሥልጣናቱ ቢኩራሩበት አይፈረድባቸውም።

ነገር ግን ያው ውሳኔ አንድ ጉድጓድ በብር ሲሰላ የሚያወጣውን ዋጋ በእጥፍና ከዚያ በላይ ከፍ አድርጎታል። በሰሜን ምዕራብ ትግራይ፣ ሽሬ ዙሪያና አስገደ፣ ወርቅ የሚወጣው በባህላዊ መንገድና ፈቃዳቸው በሚያጠያይቅ ማሽኖች ነው። የጦር አዛዦችና ሹማምንት እጃቸው እንዳለበት፣ ሜርኩሪና ሲያናይድ ወንዝ እየበከለ እንደሆነ በተደጋጋሚ ተዘግቧል። ደመወዝ የሌለው ተዋጊ፣ ውዝፉ ያልተከፈለው መምህር፣ ከምዕራብ ትግራይ ተፈናቅሎ በትምህርት ቤት የተጠለለ ገበሬ የሚሄዱት ወደዚያው ነው። ቁፋሮ ያልቀናው በየመን በኩል ወደ ሳዑዲ፣ ወይም በሊቢያ በኩል ወደ አውሮፓ ይሰደዳል። ብሔራዊ ባንኩ የወርቁን ግራም ይመዝናል፣ ንጽሕናውንም ይለካል፤ ከየትኛው ጉድጓድ እንደመጣና ጉድጓዱን ማን በጠመንጃ እንደሚጠብቀው ግን አይጠይቅም። ጦርነቱ ለአዛዥ የሚያስገኘው ገቢ ከሰላሙ የሚበልጥ ከሆነ፣ ትጥቅ ፍታ የሚለው ጥሪ የሚቀርበው ከሀብቱ ራስህን አግልል ከሚል ጥያቄ ጋር ነው። ከወርቁ ገቢ የተወሰነው እጅ ለአካባቢው ወረዳና ለተዋጊዎች መቋቋሚያ እንዲውል አስቀድሞ ቢደነገግ ኖሮ፣ ቢያንስ ሕጋዊውን መንገድ የሚከላከልለት የአካባቢ ሰው ይገኝ ነበር።

የሁመራና የወልቃይት ሰሊጥ ነገር ከዚህ ጋር ይመሳሰላል፣ እንዲያውም ይበልጥ ይወሳሰባል፤ መሬቱ ትግራይና አማራ የሚወዛገቡበት ነውና። እዚህ የማነሳው አንድ ነገር ብቻ ነው። የወሰኑ ጉዳይ ሳይፈታ የሚያልፍ እያንዳንዱ የሰሊጥ ምርት ዘመን፣ በቦታው ያለውን ያጠነክራል፣ የተፈናቀለውን ያርቃል። መዘግየት እዚህም ውሳኔ ሆኖ ይሠራል።

ወደ አማራ ክልል ሲዞሩ ደግሞ ጦርነቱ ገና አላበቃም። በመጋቢት 2015 ዓ.ም. መጨረሻ የክልል ልዩ ኃይሎች እንዲበተኑ ሲወሰን፣ በሺህ ለሚቆጠሩ ወጣቶች እንጀራ የነበረ ሥራ በአንድ መግለጫ ተነጠቀ። አማራጭ ቀርቦላቸዋል ቢባልም ያመነው ጥቂት ነበር። በሰኔ ወር ገበሬው ማዳበሪያ አጥቶ ባሕር ዳር ድረስ ሰልፍ ወጣ። ሐምሌ 28 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ውጊያው በማዳበሪያ ምክንያት ተነሳ የሚል ሰው ካለ አቃልሎታል፤ ሥሩ የፖለቲካና የማንነት ጥያቄ ነው። ግን ዘር በሚዘራበት ወር ማዳበሪያ የተነፈገ ገበሬ ለየትኛው ወገን ጆሮ እንደሚሰጥ ለመገመት የፖለቲካ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ማዳበሪያው የዘገየው ደግሞ በከፊል ዶላር ስለታጣ ነበር። የምንዛሪ ፖሊሲ የሰላም ፖሊሲ የሚሆነው እንዲህ ባለ ቦታ ነው።

ኬላውም አለ። ከጎጃም ጤፍ ጭኖ ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ አይሱዙ ሕጋዊውንም ሕገወጡንም እየከፈለ ነው የሚያልፈው። 50 ኩንታል ጭኖ በየኬላው በድምሩ 10,000 ብር ቢከፍል፣ በኩንታል 200 ብር ተጨመረ ማለት ነው። ሾፌሩ ከታገተ ደግሞ ሒሳቡ ሌላ ነው። ዋጋ ንረትን ለማርገብ ብሔራዊ ባንክ የያዘው መሣሪያ የወለድ ተመንና የብድር ጣሪያ ነው። ባንኮች በ2016 በጀት ዓመት ብድራቸውን ከ14 በመቶ በላይ እንዳያሳድጉ ተገድበው ነበር፣ ጣሪያው በኋላ ወደ 18 በመቶ ከፍ ብሏል። እነዚህ መሣሪያዎች የቀጨኔን ሸማኔና የመርካቶን ነጋዴ ብድር ይከለክላሉ፤ ኬላ ላይ የቆመውን ታጣቂ ግን አይነኩትም። የዋጋ ንረቱ ከ2016 ወዲህ መውረዱ እውነት ነው። ከዚህ በታች እንዲወርድ ከተፈለገ ግን ቀሪው ሥራ በባንክ አዳራሽ የሚያልቅ አይመስለኝም።

ምን ይደረግ ለሚለው፣ ማሻሻያው ራሱ በር ከፍቷል። የአይኤምኤፍ ስምምነት ለሴፍቲኔት (ለድሆች ለሚሰጥ ድጋፍ) የሚውለው የመንግሥት ወጪ ከዚህ በታች አይውረድ የሚል ወለል አለው፣ በየግምገማውም ይታያል። ተመሳሳይ ወለል ለተዋጊዎች መቋቋሚያና ለውዝፍ ደመወዝ ቢቀመጥ አዲስ ሕግ አይጠይቅም። የዓለም ባንክ ትጥቅ ለማስፈታት ገንዘብ አይሰጥም፣ ሥልጣኑ አይፈቅድለትም፤ ሰውን መልሶ በኑሮ ማቋቋም ግን ይችላል፣ በጦርነት ለተጎዱ አካባቢዎችም በ2014 ዓ.ም. 300 ሚሊዮን ዶላር ፈቅዶ ነበር። አበዳሪ መንግሥታት በመጋቢት 2017 ዓ.ም. በመርህ ደረጃ የተስማሙት የ8.4 ቢሊዮን ዶላር ዕዳ ሽግሽግ ለአገሪቱ የተወሰኑ ዓመታት ትንፋሽ ይሰጣታል።

ተቃውሞው ከሁለት ወገን እንደሚመጣ ይገባኛል። የገንዘብ ሚኒስቴር ሰዎች ለአንድ ክልል ውዝፍ ከከፈልን የአማራውም፣ የኦሮሚያውም፣ የአፋሩም ተጎጂ ይጠይቀናል ይላሉ። ይጠይቃል፣ መብቱም ነው፤ መልሶ ለመገንባት ወደ 20 ቢሊዮን ዶላር ያስፈልጋል የተባለው ጥናት የእነዚህን ክልሎች ጉዳት አጠቃልሎ ነው የተሠራው። ሌላው ወገን ደግሞ ገንዘቡ በአዛዦችና በሹማምንት እጅ ይቀራል ይላል፤ በትግራይ በ2015 ዓ.ም. ለተራበ ሕዝብ የመጣ እህል ገበያ ላይ ተሸጦ ዕርዳታው በመላ አገሪቱ ለወራት ሲቋረጥ ስላየን ይህንን አቃልሎ ማለፍ አይቻልም። ለዚህ ግን መሣሪያው አለ። አብዛኛው ሰው የባንክ ደብተር ወይም ቴሌብር አለው። የመምህሩ ስም በደመወዝ መዝገብ ላይ ነው፣ የተዋጊው በኮሚሽኑ ምዝገባ። ክፍያው በአዛዥና በቢሮ ኃላፊ በኩል ሳያልፍ በቀጥታ ለባለቤቱ ሊገባ ይችላል። የሚቀረው በሰኔ ወር ምክር ቤት በሚቀርበው የበጀት ሰነድ ላይ የራሱ ርዕስ፣ የራሱ ቁጥርና በስንት ዙር እንደሚከፈል የሚያሳይ ሠንጠረዥ እንዲኖረው ማድረግ ነው።